ቤቴ በልቻለሁ

ሰፈሩ ጋሽ መርፌ ይለዋል። ልብስ ሰፊ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ቁመናውም እንደዚያው ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ቀጭን፣ ጫፉ የሚዋጋ። የሚዋጋው አፉ ላይ ነው። ጠዋት የስፌት መኪናው ፊት ሲቀመጥ አራት አምስት ስፒል በከንፈሩ ይይዛል፤ አንዱን ጨርቁ ላይ ሲሰካ በሌላ ይተካል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ይመሻል። ስለዚህ ቀን ቀን ያለው ቃል አንድ ብቻ ነው፤ «እም»። «ሱሪው ለቅዳሜ ይደርሳል?» ሲሉት «እም»፤ ይደርሳል ማለት ነው። «እጅጌው አልረዘመም?» ሲሉት «እም»፤ አልረዘመም፣ ክንድህ ነው ያጠረው ማለት ነው። ልዩነቱ ያልገባው ደንበኛ ወደ ጓዳ ዞሮ ሚስቱን ይጠይቃል። እሷም ሽንኩርት እየላጠችም ቢሆን ትተረጉምለታለች። የዚህን ሰው «እም» እንደሷ የሚያውቅ የለም።

ይህችው ሚስት በተጋቡ ሰሞን ከቀይ ከፈይ የስፒል ትራስ ሰፍታ ሰጥታው ነበር። ስፒሉን እዚያ ላይ ሰክቶ አፉን ለጨዋታ ነፃ እንዲያደርግላት አስባ ነው። እሱ ግን «እጅ ያዘገያል» አለና መደርደሪያ ላይ አኖረው። «ዝም አይነቅዝም» የምትለዋን ተረት ይወዳታል። እውነት ነው፣ አይነቅዝም፤ ትራሱም አልነቀዘም፣ አቧራ ብቻ ጠጣ። ማታ ስፒሉ ከአፍ ይወጣል፤ ማታ ደግሞ ራዲዮ አለ። ከራዲዮው በኋላ እንቅልፍ ነው።

ድመቷ የመጣችው በገዛ እግሯ ነው። አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ በቁርጥራጭ ጨርቅ ከረጢት ውስጥ ተጠቅልላ ተገኘች። መላ ሰውነቷ ግራጫ ሆኖ አንገቷን ዙሪያውን ነጭ መስመር ይዞታል፤ ኮሌታ ተባለች። ቀን እንደ ልቧ ጣራና ግንብ ላይ ስትዞር ትውላለች፤ አመሻሽ ላይ ካውያው ሲነቀል ግን ሰዓቷን ጠብቃ ትመጣና መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ፣ ሙቀቱ እስኪያልቅ ድረስ፣ ትዘረጋለች። ጋሽ መርፌ ጠረጴዛው ቶሎ እንዳይበርድባት የመጨረሻውን ሱሪ ሁለቴ መተኮስ ጀመረ። ሱሪው ሁለተኛ መተኮስ አያስፈልገውም ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረም፤ የሚናገርበት አፍም አልነበረውም።

አንድ ቀን ካውያው ተነቀለ፤ ኮሌታ አልመጣችም። በማግስቱም ቀረች። በሦስተኛው ቀን ስትመጣ ዘግይታ ነው፤ ሳህኗን አሽትታ አለፈችው፤ ጠረጴዛው ላይ ወጥታም አልተኛችም። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ከንፈሯን ላሰች። ጋሽ መርፌ የሰው ወገብ በዓይኑ ለክቶ የማይስት ሰው ነው፤ የድመቷን ወገብ ሲያይ ሁለት ጣት ያህል ጨምሯል። ዓይኑን ስላላመነ ሜትሩን ጠቀለለባት። ዓይኑ ልክ ነበር።

«ሌላ ቤት ትበላለች» አለ ማታ ራት ላይ።

«ማ?» አለች ሚስቱ።

«ኮሌታ ነቻ! ሌላ ማን አለን?»

ወዴት እንደምትሄድ ለማወቅ ብዙ መልፋት አላስፈለገውም። በመስኮቱ በኩል ሲያይ ግንቡ ላይ ወጥታ፣ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ፣ እንደ ባለጉዳይ ኮራ ብላ ሄደችና ወደ ጎረቤት ግቢ ዘለለች። ጎረቤቷ በክረምቱ መግቢያ የመጣች ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ ናት፤ ሁሉም ሲስተር ይላታል። ድምፅዋ በማዋለጃ ክፍል የተገራ ነው፤ በር ቢዘጋም ይሰማል። «ነይ የኔ እመቤት! ነይ የኔ ቆንጆ፣ የት ጠፍተሽ ዋልሽ ዛሬ?» ስትል ጋሽ መርፌ መኪናው ላይ ቁጭ ብሎ ሰማ። ፔዳሉን ረግጦ አቆመ። መመገቧስ ይሁን፤ ስሟን ለወጠችባት! በእሱ ቤት ኮሌታ የነበረች፣ ግንብ ስትሻገር እመቤት ሆናለች።

ከዚያ ወዲያ ቅናት እንደ ብል ከውስጥ በላው። ቁልፍ ሲተክል ጆሮው ግንቡ ማዶ ነው። ሲስተር ስትስቅ ድመቷ ምን አደረገችላት ይላል። ሳህን ሲንኳኳ ምን ቀረበላት ይላል። በማግስቱ ራሱ ሄዶ የዶሮ ጉበት ገዛ፤ ቀቅሎ፣ ከታትፎ፣ ገና ትኩስ ከሆነው መተኮሻ ጠረጴዛ ጎን አስቀመጠላት። ኮሌታ ለይሉኝታ ያህል ሁለት ጊዜ ላሰችና ዓይኗን በጨው አጥባ በግንቡ በኩል ሄደች። ጉበቱን ማን እንደበላው አይነገርም፤ የተቀቀለ ጉበት መቼም አይጣልም።

«ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» አለ ማታ። «ልቧ ሸፍቷል። በቃ፣ እህል ውሃችን አልቋል።»

«ሲስተር እኮ ጥሩ ሰው ናት» አለች ሚስቱ። «ደግሞ የምትሰጣት ትንሽ ወተት ነው። ድመቷ የምትሄደው ለምግቡ አይደለም፤ ስለምታጫውታት ነው።»

በምን አወቅሽ ብሎ አልጠየቃትም። «ድመት ጨዋታ ምን ያደርግላታል!» አለ።

ሚስቱ ዳቦውን ቆርሳ ፈገግ አለች። «በኔ እንኳ እንዲህ ቀንተህ አታውቅም።»

«አንቺን ደግሞ ማን ይወስድሻል?» አለ። ቀልድ መስሎት ነው። ወዲያው ራዲዮውን ከፈተና የቀረውን አልሰማም። የቀረ ነገርም አልነበረም፤ ሚስቱ ሳህኖቹን አነሳች።

በሚቀጥለው ቀን ነገሩን ፊት ለፊት ሊናገር ቆርጦ ተነሳ። ሲስተር የወተት ሳህን ይዛ ደጃፏ ላይ ቆማ አገኛት። የሚለውን ሁሉ በልቡ ደርድሯል፤ ድመቷ የሰው መሆኗን፣ የሰው ቤት ማፍረስ ነውር መሆኑን፣ ስም መለወጥ ደግሞ ከሁሉ የባሰ መሆኑን። እሷ ግን ቀደመችው።

«ጋሽ መርፌ! ድመቷ የእርስዎ ናት አይደል? እንዴት ያለች ጨዋ መሰለችዎ! አልፎ አልፎ ትንሽ ወተት ብሰጣት ቅር ይልዎታል?»

ደሙ ፈላ፤ ያንን ሁሉ ነገር በአንድ ትንፋሽ አወጣው። «እም!»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ሲስተር እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። «ደግ ሰው መሆንዎን ሰምቻለሁ።»

ስፒሉን ከአፉ ማውጣት ትዝ ያለው ወንበሩ ላይ ተመልሶ ከተቀመጠ በኋላ ነው። አስተርጓሚዋም በዚያ ሰዓት ጓዳ አልነበረችም። የት እንዳለች አላሰበም። ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በገዛ አፉ ድመቷን መርቆ ሰጠ።

በአፍ ያልሆነው በእጅ ይሆናል ብሎ ወደሚያውቀው ተመለሰ። ከአንድ የሴት ካፖርት ገበር የተረፈ ቀይ ሳቲን ቆረጠ፣ እጥፍ አድርጎ ዘመዘመው፣ ላዩ ላይ በነጭ ክር አንድ በአንድ ፊደል ሰፋበት። ለደንበኛ ሠርቶ የማያውቀውን ጥንቃቄ አደረገለት። ሲያልቅ በሁለት መስመር እንዲህ ይላል፦ «ቤቴ በልቻለሁ። አታብሉኝ።» ጠዋት ሚስቱ ጓዳ ሳለች ኮሌታን ያዘና አንገቷ ላይ አሰረላት። አማረባት። ሲለቃት ቀጥታ ወደ ግንቡ ሄደች። አሁን እንግዲህ ሲስተር ታነበዋለች ብሎ ስፒሎቹን ጎረሰ።

ቀኑ ረዘመበት። ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ በሱቁ በኩል ወጣች። ደፉ ላይ ቆም ብላ «እዚህ ጎረቤት ደርሼ ልምጣ» አለችው፤ ሁልጊዜ እንደምትለው።

«እም» አለ፤ ሁልጊዜ እንደሚለው። ዓይኑ ግንቡ ላይ ነበር።

ካውያው ተነቀለ። ጠረጴዛው ሞቆ ጠበቀ፣ ለብ አለ፣ በረደ። ኮሌታ የለችም። የሰፋው ቃል እንኳ አልመለሳትም ማለት ነው። ጋሽ መርፌ ተነሳ። የሚሰፋው ኮት ባንድ እጅጌው እንደቆመ ትቶት፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ ወጣ። ዛሬ ድመቷን በክንዱ ይዞ ይመለሳል፤ ካልሆነም ሰው ይስማ አይስማ የልቡን ተናግሮ ይወጣለታል።

የሲስተር በር ገርበብ ብሏል። ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ ከውስጥ ሳቅ ሰማ። የሲስተር አይደለም። ከሆድ የሚወጣ፣ መሃሉ ላይ ትንፋሽ የሚያጥረው ሳቅ ነው። ይህን ሳቅ የት ነው የማውቀው አለ። ያውቀዋል፤ ግን ከሰማው ብዙ ዘመን ሆኖታል። በክፍተቱ አየ። ሚስቱ ሶፋው ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች፤ ኮሌታ ጭኗ ላይ ናት። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን፣ ሁለት ብርጭቆ፣ የተቆረሰ ዳቦ አለ። የአንድ ቀን እንግዳ አቀማመጥ አይደለም። ትራሱ እንኳ ለጀርባዋ እንዲመች ሆኖ ተደልድሏል።

«እስኪ አንብቢልኝ፤ መነጽሬን የት እንዳደረግሁት እንጃ» አለች ሲስተር።

ሚስቱ የድመቷን አንገት ወደ ብርሃን ዘንበል አድርጋ አነበበችው። ሲስተር በሳቅ ወደቀች። ሚስቱም ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ አለቀ። ጣቷን በነጩ ክር ላይ አስኬደች።

«አሰፋፉን አየሽልኝ?» አለች። «ሲስተር፣ እኔ ከሱ ጋር አርጅቻለሁ። አንድ ቀን በላሽ ወይ ብሎኝ አያውቅም። ለድመት አንገት ግን ይኸው፣ ፊደል ለቅሞ።»

ጋሽ መርፌ እዚያው በሩ ላይ ቀረ። ያ ሳቅ የእሱ ቤት ሳቅ ነበር። መቼ ወጣ? «እዚህ ጎረቤት ደርሼ ልምጣ» ያለችውን ስንት ጊዜ ሰማ? ደብቃው አያውቅም፤ እየነገረችው ነው የምትሄደው፤ እሱም «እም» እያለ ነው የሚሸኛት። ሶፋውን ጠላው። ለጀርባዋ የተደለደለውን ትራስ ጠላው። እሱ ያላስቀመጠላትን ያንን ሳህን ከሁሉ አብልጦ ጠላው።

«ውይ፣ ጋሽ መርፌ! ይግቡ እንጂ፣ ምን ያቆምዎታል?» አለች ሲስተር።

አፉን ሊከፍት ሞከረ። «እም» አለ።

«ምን አሉ?»

«ድመቴን ስጡኝ ነው የሚለው» አለች ሚስቱ ቀና ሳትል፤ ለደንበኛ እንደምትተረጉመው።

ጋሽ መርፌ ራሱን ነቀነቀ። ሚስቱ አሁን ቀና አለች፤ ትርጉሟ ሲሳሳት ይህ የመጀመሪያዋ ነው። እሱም ስፒሎቹን ከከንፈሩ አንድ በአንድ እያወጣ የሸሚዙ ደረት ላይ ሰካቸው። የመጨረሻው ጣቱን ወጋው።

«ቀናሁ» አለ።

«በድመቷ?» አለች ሚስቱ።

«በሷም።»

ሲስተር የስንት ሴት ምጥ ያየች ሰው ናት፤ ከክፍል መውጫውን ጊዜ ታውቃለች። ውሃ ልጣድ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ሚስቱ ድመቷን እየዳበሰች ባሏን አየችው፤ አፉ ባዶ ሲሆን ሌላ ሰው ይመስላል፣ ከንፈሩ ላይ የስፒል ምልክት አለ።

«አንቺን ማን ይወስድሻል ብለኸኝ ነበር» አለችው።

«ብያለሁ።»

«እና አሁን ምን ልትል ነው የመጣኸው?»

መንገድ ላይ ያዘጋጀው ነገር ሁሉ ለድመት የተለካ ነበር፤ ለሷ የሚሆን አልነበረውም። ዓይኑ ወደ ሁለቱ ሳህኖች ሄደ። የመጣለት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንንም አሁን ከሷ አፍ ነው የወሰደው።

«በላሽ ወይ?» አላት።

ሚስቱ የድመቷን ቀይ ማሰሪያ አቃናች።

«በልቻለሁ» አለችው ኋላ። «እዚህ።»

እሱ ቆሞ ቀረ። እሷም ድመቷን ሳታነሳ፣ ሶፋው ላይ ትንሽ ጠጋ አለችለት።