ምች ለመታው ሰው ቅጠል ይዤ አል-ኹባ

ከምሠራባት የዐረብ አገር ወደብ ከጂዛን የተነሣሁት ረፋዱ ላይ ነው። አል-ኹባ አጠገብ ፍየል የሚጠብቀው የእህቴ ልጅ ሰይድ ምች መትቶት ተኝቷል የሚል ቃል ደርሶኝ ነበር። ምግብ የማበስልላቸው ማዳም ፈቀዱልኝና ወደዚያው ጉዳይ ካለው ሹፌራቸው ጋር ሄድኩ። ሰገነቱ ላይ በወተት ቆርቆሮ ካበቀልኩት ዳማ ከሴ ቆርጬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልያለሁ።

ከባሕሩ ስንርቅ ሙቀቱ ደረቅ እያለ መጣ። መንገዱ ግራና ቀኝ የማሽላ እርሻ ነው፤ ቆቦን ይመስላል። መንገድ ዳር ፓፓያ ገዛሁ፤ ሦስቱ አምስት ሪያል። ኬላው ላይ ወታደሩ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን፣ ካየ በኋላ ጥቅሉን አሸተተ።

"መድኃኒት ነው?"

ምችን በዐረብኛ ምን እንደሚሉት አላውቅም። "ለፀሐይ ነው" አልኩት። ስቆ አሳለፈን።

አል-ኹባ

ሰይድ ከበረቱ ጎን ባለች የቆርቆሮ ክፍል ተኝቷል። ከንፈሩ ዙሪያ ውሃ የቋጠሩ ቁስሎች ወጥተዋል።

"ሥጋ ጠብሰን በልተን፣ ወዲያው ፀሐይ ላይ ወጣሁ፣ አክስቴ" አለኝ።

"እማማ፣ ፍየሎቹ እንኳ በዚህ ከንፈር አትጥራን ብለው ሸሽተውታል" አለ አብሮት የሚሠራው አሊ።

ቅጠሉን ጨምቄ አጠጣሁት፤ ከንፈሩንም ቀባሁት። ብዙም ሳይቆይ ላብ አጠመቀው፤ ትኩሳቱም ወረደ።

"ኸላስ፣ በቃ! ወጣለት" አለ አሊ። ፓፓያውን ተካፍለን በላን።

በማግስቱ ከሰዓት ሹፌሩ ሊወስደኝ መጣ። ዕቃዬን ስሸክፍ ሰይድን ብርድ ብርድ አለው፤ ጥርሱ ይንገጫገጭ ጀመር። ከዚያ በሟች እናቱ ስም ጠራኝ።

"ቅጠሉ ይጨመርለት፣ እማማ" አለ አሊ።

"ቅጠሉ ካሻለው ብርዱ ለምን ተመለሰ?" አልኩት።

አሊ የሰይድን ግንባር ዳሰሰ። "አሠሪያችን ሳያውቅ ከወሰድነው ይቆጣል" አለ።

"ይቆጣ። ያላ፣ አንሣው።"

ጤና ጣቢያው

ሹፌሩ በመኪናው አደረሰን። ሱዳናዊው ሐኪም ከሰይድ ጣት ደም ወስዶ በማይክሮስኮፕ አየ። ወባ ነው፤ ብንዘገይ ኖሮ ሊሞት ይችል እንደነበር ነገረን። የከንፈሩ ቁስል ግን ሌላ ነገር ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ በነርቩ ውስጥ ተኝቶ የኖረ ቫይረስ ነው፤ ወባው ሰውነቱን ሲያዳክመው ነቃ።

"ላቡስ?" አልኩት።

"የወባው ነው። ትኩሳቱ ሲወርድ ያልበዋል፤ ቅጠል ባይጠጣም ያልበው ነበር።"

ማዳምን ስልክ ደውዬ አስፈቀድኩና እዚያው አደርኩ። የተሰካለት ጉሉኮስ ሲያልቅ ሰይድ ዓይኑን ገለጠና ፍየሎቹን ማን እንዳጠጣቸው ጠየቀ። እንደሚድን ያን ጊዜ አወቅሁ።

"ቫይረሱስ ይወጣልኛል?" ሲል ሐኪሙን ጠየቀው።

"አይወጣም። ተመልሶ ይተኛል፤ አብሮህ ያረጃል።"

"ሚስት ሳላገባ!" አለ ሰይድ።

ጂዛን

ተመልሼ በገባሁ ሰሞን የእኔም ከንፈር አሳከከኝ፤ ቁስሉም ወጣ። የቤታችንን ሰው ሁሉ ምች ይወደዋል። እናታችን ዕድሜዋን ሙሉ ፀሐይን ስትወቅስ ኖራለች። እኔም እንዲሁ። አሁን ግን ቁስሉ የሚነቃው ሌላ ነገር ሲቀሰቅሰው እንደሆነ ሰምቻለሁ፤ ቀስቃሹ ድካም ይሁን ወባ ከከንፈር ላይ አይነበብም።

ዳማ ከሴው ሰገነቱ ላይ አቆጥቁጦ ጠበቀኝ። ሳልነካው መጀመሪያ ሐኪም ቤት ሄጄ ደሜን አስመረመርኩ። ወባ የለብኝም። ድካም ነው።

ተመልሼ ለከንፈሬ ቅጠሉን ቆረጥኩ።