ካፒቴኑን ያስቀረሁበት ጠዋት

አሶሳ ላይ በአንዲት ትንሽ የኪራይ አውሮፕላን ድርጅት የበረራ ኃላፊ ሆኜ ስመደብ፣ ከማዛቸው አብራሪዎች አንዱ በረራ ያስተማሩኝ ካፒቴን ነበሩ። እኔ በወገቤ ሕመም መብረር ትቼ ቢሮ ቀረሁ፤ እሳቸው ግን አሁንም ይበራሉ። ጋሼ እላቸዋለሁ። አለቃቸው ብሆንም፣ ሲቆጡኝ እንደ ድሮ ተማሪያቸው አንገቴን እደፋ ነበር።

ጥር ላይ ፓዌ የሚኖሩት ወንድማቸው ሞቱባቸው። ፈቃድ ሰጥቻቸው ሄዱ። ገና ሐዘን ላይ ናቸው ስል፣ አንድ ጠዋት ቢሮ ስደርስ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው ቆመው አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ እግዜር ያጥናዎት! እንዴት መጡ?»

«በመኪና። ሌሊቱን ስንጓዝ አድረን አሁን ገባሁ። ሰው እንዳነሰሽ ሰምቻለሁ፤ የዛሬውን በረራ እኔ እወስደዋለሁ።»

እውነትም ሰው አንሶኝ ነበር። የተመደበው አብራሪ ወባ ጥሎታል፤ ምትኩ ከአዲስ አበባ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ ነው። በረራው ወርቅ የሚፈልጉ ባለሙያዎችን ወደ ድንበሩ አቅጣጫ፣ አንድ የአፈር ማረፊያ ላይ ማድረስ ነበር። ሣር የሚቃጠልበት ወቅት ስለሆነ ጭሱ አገሩን ሸፍኖታል፤ ማረፊያው አጠገቡ እስኪደርሱ አይታይም።

«ነፋሱ ከየት ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ቦርሳቸውን አንሥተው በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉና «ነፋሱ ከየት ነው አልሽኝ?» አሉ።

አሁን የነገርኳቸውን ረስተውታል፤ ሌሊቱንም አልተኙም።

«ጋሼ፣ ዛሬ አይበሩም።»

«ማን ሊከለክለኝ? አንቺ? መሪ አያያዝ ያሳየሁሽ እኔ!» ብለውኝ ወደ አውሮፕላኑ ሄዱ።

ተከትያቸው ወጣሁ። የባለሙያዎቹ አለቃ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ «ካፒቴኑ መጣ አይደል? ምን እንጠብቃለን?» ብሎ ጮኸብኝ። ስልኬን አውጥቼ ወደ መቆጣጠሪያ ማማው ደወልኩ።

«የጠዋቱ በረራ ተሰርዟል። ሞተር ላስነሣ ቢሏችሁ እንዳትፈቅዱ።»

«ማን ነው የሰረዘው?»

«እኔ ነኝ።»

በአውሮፕላኑ መስኮት በኩል ማዳመጫቸውን ሲያደርጉ አየኋቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ጠበቁ። ከዚያ ዞረው አዩኝ፤ እንዲያ አድርገው አይተውኝ አያውቁም። ማዳመጫውን ከጭንቅላታቸው አወለቁ።

ገብቼ ከጎናቸው ባለው ወንበር ተቀመጥኩ።

«ቤት ብቀመጥ ምን አደርጋለሁ?» አሉ በመጨረሻ። «ሰው እየመጣ ያለቅሳል፣ እኔ ደግሞ አይወጣልኝም። ሰማይ ላይ ብሆን ይሻለኛል ብዬ…» ሳይጨርሱ ግንባራቸውን መሪው ላይ ደፍተው አለቀሱ። ወንድማቸውን በመልክም አላውቃቸው፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ።

ባለሙያዎቹ እየተነጫነጩ ከሰዓት በኋላ ከአዲስ አበባ ከመጣው አብራሪ ጋር ሄዱ። አረፍን እስኪለኝ ድረስ ከሬዲዮው አልተለየሁም። ጋሼ ቢሮዬ ሶፋ ላይ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ተኝተው፣ ስልካቸው ቢጮኽ ቢጮኽ አልሰሙም።

ሐዘናቸውን ጨርሰው ሲመለሱ እንደገና መደብኳቸው፤ እንደ ወትሯቸው ደህና አድርገው በረሩ። እኔን ግን «እርስዎ» ማለት ጀመሩ። ያከበሩኝ ይሁን የራቁኝ መለየት አቅቶኝ ከረምኩ። ዝናቡ ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካለችው ቁርስ ቤት ፉል ሲበሉ አገኘኋቸው። ሰላም ብዬ ላልፍ ስል ወንበሩን በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝ።

«ነይ ብዪ እንጂ፣ ምን ያስቆምሻል?»

ታጥቤ ቀረብኩ።