አብቲ ያስጠናኝ መንገድ

የእናቴ ወንድም፣ እኔ «አብቲ» የምለው ጡረተኛ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ከተለየን ገና ወር አልሞላውም። ያቋረጥኩትን ኮሌጅ እንደገና ስጀምር ሳምንቱን ሙሉ ልብስ ፋብሪካ እየሠራሁ፣ ቅዳሜና እሁድ እማር ነበር። ከክፍል ስወጣ አብቲ ደቻቱ ድልድይ ላይ ይጠብቀኛል። ቦርሳዬን ይቀበለኝና «እስቲ የተማርሽውን ለእኔም ንገሪኝ» ይለኛል።

«ደክሞኛል፣ አብቲ።»

«አቦ፣ እየሄድሽ ንገሪኝ! የደከመው እግርሽ ነው እንጂ አፍሽ መች ደከመ?»

እስከ ሰፈራችን መጋላ ድረስ ስለ ሂሳብ አያያዝ አስረዳዋለሁ። ካልገባው መንገድ መሀል ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እስኪገባው አይራመድም። ለእሱ ላብራራ ስል ለእኔም ይገባኛል። ፈተና ላይ ትዝ የሚለኝም ለእሱ ያስረዳሁት ነበር።

በማዕረግ እንደምመረቅ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ ነገርኩት። ያኔ ታሞ በጣም ተዳክሞ ነበር። ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ እጄን ያዘና «በቃ፣ አሁን እረፊ» አለኝ።

በማግስቱ ቀበርነው፤ አላህ ማረፊያውን ያስፋለት። እኔ ግን ሳላርፍ ሥራ ገባሁ። አሁን ወደ ሂሳብ ክፍል አዛውረውኛል። ያገኘኝ ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ይለኛል። ሥራው ምን እንደሆነ ግን እስካሁን የጠየቀኝ የለም።