የአጥር ማዶ አበልጅ

ወረታ ውስጥ የውሃ ሞተር የተበላሸበት ሰው «አያልነህ ዘንድ ውሰደው» ይባላል እንጂ አድራሻ አይነገረውም። የባጃጅ ሹፌር ሁሉ ቤቱን ያውቀዋል፤ የማያውቅ ቢኖር እንኳ ድምፁን ተከትሎ ይደርሳል። ሩዙ ታጭዶ የሽንኩርቱ መስኖ ሲጀመር፣ ከርብና ከጉማራ ወንዞች ዳር የሚመጡ ገበሬዎች ሞተራቸውን በጋሪ ጭነው በሩ ላይ ይኮለኮላሉ። እሱም ጓሮው ውስጥ ባለችው የቆርቆሮ ዳስ ሥር ቀኝ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥና አንዱን ሲፈታ፣ ሌላውን ሲገጥም፣ ሦስተኛውን እያስነሳ ሲሞክር ይውላል። ሲሞክር ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ይህን ማንም አይክደውም፤ ሥራው ድምፅ አለው።

እግሩ የራሱ ታሪክ አለው። በወጣትነቱ ሐሙሲት ጋራዥ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ ከአይሱዙ ላይ የሚያወርዱት ሞተር አመለጣቸውና ቁርጭምጭሚቱ ላይ አረፈ። ወጌሻ አሰረው፣ ሐኪም ፈታው፣ በሁለቱ መካከል አጥንቱ እንደፈለገ ገጠመ። ከዚያ ወዲያ ሩቅ መሄድ አይችልም፤ ቀኑን ሙሉ መቆምማ ጭራሽ አይታሰብም። እሱን የሚቀጥር ጋራዥ ስለጠፋ ሚስቱ አመሉ ከአባቷ በወረሰችው ግቢ ውስጥ አንድ የዋርካ ግንድ አጋድሞ የብረት መቆንጠጫ ሞርሳውን በላዩ አሰረና ሥራ ጀመረ። ቤቱም፣ እንጀራውም፣ ክብሩም ያቺ ዳስ ነበረች። እሷ ከተዘጋች አያልነህ ሌላ የሚሄድበት የለውም።

በጀርባ በኩል፣ ከአጥሩ ማዶ፣ ወይዘሮ ሰገን ይኖራሉ። እህል ሲነግዱ ዕድሜያቸውን የፈጁ፣ እጃቸውም አፋቸውም ፈጣን የሆነ ሴት ናቸው። የአያልነህና የአመሉ አንድ ልጅ ልዕልት ስትወለድ ክርስትና ያነሷት እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ከዚያን ቀን ጀምሮ ጎረቤትነቱ ቀርቶ አበልጅ ሆኑ ማለት ነው።

አበልጅነት ከዝምድና ይለያል። ዘመድ ይጣላል፣ ይካሰሳል፣ ሽማግሌ ገብቶ ይታረቃል፤ ከአበልጅ ጋር መካሰስ ግን ነውር ነው። ክፉ ቃል መለዋወጥ እንኳ ያሳፍራል። አያልነህ ወይዘሮ ሰገንን በስማቸው ጠርቷቸው አያውቅም፤ «አበልጅ» ብሎ ነው፣ ያውም ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። እግሩ እንደዚያ ሆኖ ብድግ ማለት ቀላል ነገር አልነበረም፤ ለሳቸው ግን ይነሳል።

ጥምቀት ባለፈ ሰሞን ሞንታርቦ የተሰቀለበት ባጃጅ ሰፈሩን እየዞረ ለፈፈ። በመኖሪያ ቤቱ ሥራ የሚሠራ ሁሉ፣ ልብስ ሰፊም ይሁን ፀጉር ሠሪ፣ ዶሮ አርቢም ይሁን ጠጋኝ፣ ዓቢይ ጾም ሳይገባ ቀበሌ ቀርቦ ይመዝገብ አለ። ደንቡ ሰውን የሚያስጨንቅ አልነበረም። ሠራተኛው እዚያው ቤት የሚኖር ይሁን፣ ዕቃው ወደ መንገድ አይውጣ፣ በአጥር የሚዋሰኑትም ጎረቤቶች ቀርበው «ቅሬታ የለንም» ይበሉ ነው ያለው። በጊዜው ያልተመዘገበና ቅሬታ የቀረበበት ግን ይዘጋል።

አያልነህ በአጥር የሚዋሰነው ከሁለት ሰው ጋር ነው። በጎን በኩል መምህርት ሔለን ትኖራለች፤ በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ሕፃን ልጅ ታቅፋ ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች ናት። በጀርባ ወይዘሮ ሰገን። በቀረው በኩል መንገድ ነው። መጀመሪያ ወደ አበልጁ ሄደ።

«ምን ሁነህ ነው ከበር የቆምኸው? ግባ እንጅ» አሉት።

«አይ፣ አልቆይም አበልጅ። ላስቸግርዎ ብዬ ነው። ያው ቀበሌው ጎረቤት ቀርቦ ይናገር ብሏል አሉ...»

ወይዘሮ ሰገን እስኪጨርስ አልጠበቁም፤ ሳቁበት። «እኔና አንተ ሹም ፊት ልንቆም? በእኔና ባንተ መካከል ምን ቅሬታ አለና ነው የለም የምለው? ሰው ቢያየን ‹እነዚህ ተጣልተው ኑሯል› ነው የሚለን። ተወው በል። እኔ እያለሁ ማን ይነካኻል?»

አያልነህ በራሱ አፈረ። አበልጁን እንደ ባዕድ ምስክር ቁሙልኝ ማለቱ እንደ ስድብ ሆኖ ተሰማው። ይቅርታ ጠይቆ፣ ተመርቆ፣ እያነከሰ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

«ታዲያ መቼ ልትመዘገብ ነው?» አለች አመሉ።

«አበልጅ ተወው አሉኝ።»

«አበልጅ የቀበሌው ሊቀ መንበር ናቸው ወይ?»

«አንቺ ደግሞ!» አላት፤ ነገሩ በዚያው ቀረ። የጾሙ መግቢያ ደረሰ፣ አለፈ፤ አያልነህ ሳይመዘገብ ቀረ።

በዚያው ሰሞን ወይዘሮ ሰገን የጋራውን አጥር ተጠግተው ተከታታይ ክፍሎች ያሠሩ ጀመር። ከሌላ ዞን ተዛውረው የሚመጡ የመንግሥት ሠራተኞች ቤት አጥተው ሲንከራተቱ አይተዋል፤ ነጋዴ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር አይቶ ዝም አይልም። በሮቹን ማን በየደላቸው? አያልነህ። የጉድጓዱን ውሃ ወደ ጣሪያው ሮቶ የሚገፋውን ሞተር ማን ተከለው? እሱው ነው። ስለ ዋጋ ያነሳ ሰው አልነበረም፤ ለአበልጅ በተሠራ ሥራ ዋጋ ማን ይጠይቃል! ክፍሎቹ ሲያልቁ ወይዘሮ ሰገን «እጅህ ይባረክ» ብለው መረቁት። አያልነህም በምርቃቱ ደስ ብሎት ገባ። ዛሬ ያን ደስታውን ሲያስታውሰው አንጀቱ ያርራል።

ተከራዮቹ ገብተው ብዙም ሳይቆዩ፣ ከቀበሌው ሉቃስ የሚባል ወጣት ባለሙያ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ዳሷን ዞሮ አየ፣ ሞተሮቹን አየ፣ ጉሮሮውንም ጠረገ።

«ጋሽ አያልነህ፣ ቅሬታ ቀርቦብዎታል። ደግሞም አልተመዘገቡም።»

«ማነው ያቀረበው?»

«ደንቡ ቅሬታ በቀጠሮው ቀን ፊት ለፊት ይሰማል ነው የሚለው። አሁን መናገር አልችልም።»

መናገርስ ምን ያስፈልጋል? አያልነህ አወቀ፤ ወይም ያወቀ መሰለው። ከተሜ፣ ለሰፈሩ አዲስ፣ ሕፃን የያዘች፤ ሌላ ማን ይሆናል? ከዚያን ቀን ጀምሮ መምህርት ሔለንን ፊት ነሳት። ሰላምታ ስትሰጠው ሞተር ያስነሳል። አንድ ቀን የተበላሸ የኤሌክትሪክ ምድጃዋን ይዛ በበሩ ብቅ ብትል፣ «ቤት ውስጥ መሥራት ክልክል ነው ተብሏል እኮ፣ መምህርት! እርስዎ አልሰሙም?» አላት በነገር። ልጅቷ ግራ ገብቷት ምድጃዋን ታቅፋ ተመለሰች።

ይህንኑ ጥርጣሬውን ደግሞ ወስዶ የነገረው ለማን ይመስላችኋል? ለአበልጁ!

ወይዘሮ ሰገን ነጠላቸውን አጣፍተው በጥሞና ሰሙት። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ኧረ ተዋት አበልጅ» አሉ። «ልጅ የያዘች ሴት ናት። የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ጫጫታ አይወድም። አትፍረድባት።»

አያልነህ በደግነታቸው ተገረመ። ለአመሉም ነገራት፤ እሳቸውን የመሰለ ሰው የለም አላት።

ቅሬታው በሚሰማበት ቀን በቀበሌው አዳራሽ ሰው ብዙ አልነበረም። ሉቃስና ሁለት የኮሚቴ አባላት ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጠዋል። ሔለን ልጇን ታቅፋ ከፊት አግዳሚ ላይ ናት። ወይዘሮ ሰገን ከኋላ ገብተው ተቀመጡ። አያልነህ ዞር ብሎ ሲያያቸው ለምስክርነት የመጡለት መስሎት ልቡ ሞላ። ብድግ ብሎ እጅ ነሳቸው።

«ቅሬታ ያቀረቡት ይነሱ» አለ ሉቃስ።

አያልነህ ሔለንን አፍጥጦ ጠበቀ። ሔለን ልጇን እሹሩሩ ትላለች እንጂ የመነሳት ምልክት የላትም። ከኋላው ግን የአግዳሚ ወንበር ድምፅ ሰማ።

«እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ሰገን።

አያልነህ ክው አለ። ያየውን ዓይኑ፣ የሰማውን ጆሮው እምቢ አሉት። ወይዘሮ ሰገን ዓይናቸውን በጨው ታጥበው፣ ድምፃቸው ሳይሰበር፣ ተከራዮቻቸው በሞተሩ ጩኸት ምክንያት ሊለቁባቸው እንደሆነ፣ የነዳጁ ጭስ በመስኮት እንደሚገባ፣ ሰውየው ደግሞ ጨርሶ እንዳልተመዘገበ አንድ በአንድ ተናገሩ። ሰውየው አሉት። ስሙን እንኳ አልጠሩትም።

ከዚያ ሔለን ተጠየቀች። «እኔ ምንም ቅሬታ የለኝም» አለች። «ልጄ በሞተሩ ድምፅ መተኛት ለምዷል። ሲቆምማ ነው የሚነቃው።» የኮሚቴው አባላት ሳቁ። አያልነህ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ንጹሕ ሰው ሲበድል ከርሞ ኑሯል። በዳይዋ ደግሞ በራሳቸው በደል ሌላዋ ስትጠረጠር እየሰሙ፣ ቀጥለውም ‹አትፍረድባት› ብለው የለመኑላት ሴት ናቸው።

«የሚጠይቁት አለ?» አለው ሉቃስ።

አያልነህ ተነሳ። ስለ ደንቡ የሚጠይቀው አልነበረውም፤ ደንቡ እንኳ አልበደለውም። ወደ ኋላ ዞረ።

«አበልጅ፣ ለምን ለእኔ አልነገሩኝም? ሞተሩን በመንገዱ በኩል እሞክረው ነበር። ተከራይ በሚገባበት ሰዓት አላስነሳም ነበር። አቁም ቢሉኝም እኮ አቆም ነበር!»

ወይዘሮ ሰገን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ሰበሩ። «እንዴት ብዬ ልንገርህ?» አሉ። «አበልጄ አይደለህ? በአበልጅ ፊት እንዲህ ያለ ነገር ማውራት ያሳፍራል።»

ያሳፍራል! እሱም ሊጠይቃቸው ሄዶ ሳይጠይቅ የተመለሰው፣ ሳይመዘገብ የቀረውም አፍሮ ነው። እሱን ሐፍረቱ በገዛ ቤቱ ባዶ እጁን አስቀረው። እሳቸውን ግን ቀበሌ ድረስ ሄዶ ከመክሰስ አላገዳቸውም።

ሉቃስ ዓይኑን ከአያልነህ እያሸሸ ውሳኔውን አነበበ፤ ያልተመዘገበና የአጥር ተዋሳኝ የተቃወመው ሥራ በመኖሪያ ቤት አይቀጥልም። በማግስቱ ዳሷ ታሸገች። ገበሬዎቹ ሽንኩርታቸው በፀሐይ እየጠወለገ፣ የተፈቱ ሞተሮቻቸውን በየጆንያው ከተው ጫኑ። አንዳንዶቹ አዘኑለት፤ አንዳንዶቹ «አስቀድመህ ብትነግረን ምን ነበር» ብለው ተቆጡት። አያልነህ ከዚያ ወዲያ መፍቻዎቹን በማዳበሪያ ከረጢት አንጠልጥሎ፣ ባጃጅ እስከሚያደርሰው ደርሶ፣ የቀረውን እያነከሰ ይፋግ ድረስ እየወረደ ሞተሮቹን እዚያው በየማሳው ይጠግን ጀመር። ማታ ሲመጣ እግሩ አብጦ ጫማው አይወልቅም። አመሉ በጨው ውሃ እያጠበች ታለቅሳለች፤ እሱ ግን አያለቅስም፣ አያወራምም። አንድ ቀን ብቻ ወደ ሔለን ቤት ሄዶ ምድጃዋን ጠየቀና እዚያው ደጃፏ ላይ ቁጭ ብሎ ጠገነላት። ይቅርታ ለማለት ቃል አጥቶ ስለነበር እሷው «ገብቶኛል ጋሼ» አለችው።

እንዲህ እንዳለ የጾሙ መፍቻ ደረሰ። በቀዳም ስዑር ልጅ ለክርስትና እናቱ አክፋይ ይዞ መሄዱ ያለ ነው። አመሉ ድፎ ዳቦውን ጋግራ፣ ዶሮዋን በእግሯ አስራ አዘጋጀች። አያልነህ አየ፤ አልከለከለም። ልጅ ምን አደረገች? ክርስትናዋ የእሷ ነው።

ልዕልት ስትመለስ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ነበር፤ የክርስትና እናቷ ለፋሲካ ያሰፉላት ነው። በአባቷ ፊት አንድ ጊዜ ዞረች።

«አያምርም አባዬ?»

«ያምራል» አላት። እውነቱን ነው፤ ያምር ነበር።

«እማማ ሰገን ‹አባትሽ ነገ እንደ ወትሮው ይምጣ፣ በጉ ሲታረድ ይድረስ፣ አብረን እንገድፋለን› ብለዋል። መልሱን ነይና ንገሪኝ አሉኝ።»

አመሉ ፈጥና ገባችበት። «እግሩን አሞታል በያቸው።»

«አይሆንም» አለ አያልነህ። «አሞታል አትበይ። ሥራ በዝቶበታል አትበይ፤ ሥራማ ታሽጎብኛል። ‹አባዬ ተቀይሟል፣ አይመጣም› በያቸው።»

«በፋሲካ ዋዜማ?» አመሉ እጇን በአፏ ጫነች። «እንዲህ ተብሎ ለአበልጅ ይላካል?»

«ይላካል። እሳቸው ለእኔ መናገር ያፈሩትን ለቀበሌ ተናገሩት። እኔ ለራሳቸው እየነገርኳቸው ነው።» ወደ ልጁ ዞረ። «እንደነገርኩሽ በያቸው እንግዲህ። አታሳምሪው፣ ምንም አትጨምሪበት።»

ልዕልት እናቷን አየች፣ አባቷን አየች። ከዚያ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ይዛ መልእክቱን ልታደርስ ወጣች።