ጊሽጣችን ሳትቆረጥ የቀረችበት ቅዳሜ

«ይዛለች! ነይ እዪ፣ ይዛለች!»

ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ከጊሽጣዋ ሥር ሆና ስትጮህ የጥርስ ብሩሼን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። አበባዋ በረገፈበት ቦታ ከሽምብራ የማትበልጥ አረንጓዴ ነገር ቅርንጫፏ ላይ ተጣብቃለች። ነካኋት። አልወደቀችም። ጊሽጣዋን ሊቆርጥ የመጣው ሰውዬ ግን ገጀራውን እንደያዘ በር ላይ ቆሟል።

ጊሽጣዋን የተከልኳት እኔ ነኝ፣ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ። አሁን በቁመት በልጣኛለች። አምናም ዘንድሮም አበባ በአበባ ሆነች፤ አበባው ግን በሁለት በሦስት ቀኑ ከነዘንጉ ዱብ ይላል። ውሃ ጨመርኩ። ፍግ አደረግኩ። አመድ ነሰነስኩ። ምንም!

እማዬ የምታየው ሌላ ነገር ነው። ከደጋ ተመድባ ስትመጣ ከጋምቤላ የፈራችው ወባን ብቻ ነበር፤ አምና እኔን ያዘኝና አራት ቀን ጣለኝ። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ፍሊቷን ይዛ ቅጠሉን ውስጥ ለውስጥ ትነፋዋለች።

«የቢምቢ ማደሪያ ሆና ቀረች እኮ» አለች። «በሁለት ሳምንት ፍሬ ካልያዘች አስቆርጣታለሁ።»

እማዬ አለች ማለት አለቀ ማለት ነው።

ጎረቤታችን ባሮ ዳር ያደጉ አኙዋክ ሴትዮ ናቸው፤ ገበያ ላይ ማንጎና ጊሽጣ ይሸጣሉ። ለምኜ አመጣኋቸው። አንዱን አበባ በጥፍራቸው ከፈቱት።

«ጥንዚዛ የታለ?»

«የምን ጥንዚዛ?»

«ትንሽዬ። አበባ ውስጥ የምትገባ።»

ፈለግን፤ አንድም የለም። ከዚያ ደጃፉ ላይ የተቀመጠውን የፍሊት ቆርቆሮ አዩና ሳቃቸው መጣ።

«ሲስተር! አንቺ አዋላጅ ነርስ ነሽ አይደል? የዛፏን አዋላጅ ግን ገደልሽ!»

እማዬ አልሳቀችም። «ታዲያ ልጄ በወባ ትሙትብኝ?»

«አትሙት! ፍሊቱን ቤት ውስጥ ንፊ። ውሃ ያቆረ ጣሳ ሁሉ ይደፋ። ይህቺን ተያት።»

«ሁለት ሳምንት ብያለሁ» ብላ ገባች።

ሴትዮዋ የጥንዚዛዋን ሥራ አስተማሩኝ። አበባዋ መጀመሪያ ገርበብ ስትል ከሌላ አበባ የመጣ ዱቄት ትቀበላለች፤ ዱቄቷን የምትሰጠው ግን በማግስቱ፣ ወለል ብላ ስትከፈት ነው። ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከተከፈቱት ዱቄቱን ብልቃጥ ውስጥ አራግፋለሁ፤ ጠዋት ገርበብ ያሉትን በዶሮ ላባ እቀባለሁ። የመጀመሪያዋን በላባው ስጫናት ቀነጠስኳት።

«ቀስ በይ እንጂ! ዶሮ እየበለትሽ ነው እንዴ?» አሉኝ።

ከቀባኋቸው አሥራ ሁለት አበቦች በመጀመሪያው ሳምንት አምስቱ ረገፉ። መሬቱን ሳልመለከት ከቤት መውጣት አቃተኝ። ጣሳ ደፋሁ፣ አሮጌ ጎማ ገለበጥኩ፣ የውሃ በርሜላችንን ከደንኩ። አንድ ቀን የፍሊቱ ቆርቆሮ ከደጃፍ ጠፋና እማዬ አልጋ ሥር አገኘሁት። ደስ አለኝ፤ ወዲያው ግን ደነገጥኩ፤ ለካ ባለገጀራውን ሰውዬ ለቅዳሜ ጠርታዋለች። ዓርብ ከሰዓት የቀሩት ሦስት ብቻ ነበሩ። ለመንካት ፈራሁ።

ቅዳሜ ሰውዬው ገጀራውን ይዞ በር ላይ ሲደርስ፣ «ቆይ፣ አንዴ ልያት» ያለችው እማዬ ራሷ ናት። ቅጠሉን እንደ ሕመምተኛ ልብስ ቀስ አድርጋ ገለጠች። የቀረውን ታውቃላችሁ። ከሦስቱ ሁለቱ ይዘዋል!

«ወንድሜ፣ ይቅርታ» አለችው፤ «ዛሬ የሚቆረጥ የለም። እስቲ ሻይ ጠጣ።»

ጎረቤታችን ከአጥሩ በላይ ብቅ ብለው፣ «አበባ የሚረግፍበት ሁሉ ጠዋት ጠዋት ይምጣ በይ፤ ላባ ሞልቷል» አሉኝ።

ይኸው ብያለሁ። እናንተም ጊሽጣችሁን ከመቁረጣችሁ በፊት ኑ፤ ብልቃጡን እኔ እይዛለሁ። ፍሊታችሁን ብቻ ቤት ትታችሁ ኑ።