ሕዝብ ነኝ ያለው ደላላ

በስልሳ ስድስቱ ድርቅ ቆቦ አስፋልቱ ዳር ሻይ ቤት ነበረኝ። ረሃብተኛው ሁሉ በደጄ ነበር የሚያልፈው። የከተማው ሰው ካለችው ማሽላ እያዋጣ መስጊዱ አጠገብ ንፍሮ ያስቀቅላል። የሚያከፋፍሉት እስላምም ክርስቲያንም ያሉባቸው ሽማግሌዎች ናቸው፤ አንዱ አጎቴ ነበር። ሲሳሳቱ እንቆጣቸዋለን፣ ያርማሉ።

አንድ የመናኸሪያ ደላላ ደግሞ ነበር። ለዚያ ንፍሮ አንዲት ቁና እንኳ አላዋጣም። ይሄው ሰው በገበያ ቀን የቆመ የጭነት መኪና ላይ ወጥቶ ጮኸ።

«ሽማግሌዎቹ የእናንተን እህል ለመጤ እየበተኑት ነው! እኔ ሽማግሌ አይደለሁም፤ እኔ ሕዝብ ነኝ!»

ገበያው በጭብጨባ ተናጋ። የተራበ ሰው እህል ቢያጣ እንኳ የሚጠላው ሰው ሲሰጡት እንዴት ደስ እንደሚለው ያን ቀን አየሁ።

አጎቴ ከሥር ሆኖ፣ «ጎረቤታችን የሮቢት ሰው ነው መጤ? ልጆቻችንን የዳርንለት?» አለው።

«ሕዝቡ ተናግሯል! አንተ ማነህና ሕዝብ ትጠይቃለህ?» አንቱ የሚባለውን ሽማግሌ ነው አንተ የሚለው።

«እኔስ ሕዝብ አይደለሁም?»

ሳቁበት። አንዱ ጥምጥሙን ከኋላ ጎትቶ ጣለበት።

የተዋጣው ማሽላ ያለበትን መጋዘን ቁልፍ በዚያው ዕለት ከሽማግሌዎቹ ቀሙ። ከዚያ ወዲያ መመካከር ቀረ፤ ደላላው ያለው ሁሉ «ሕዝቡ ያለው» ሆነ። በሩ ላይ ጎረምሶች አቁሞ «ከየት ነሽ?» እያስባለ ያባርር ጀመር። ልጅ አዝላ ከሮቢት የመጣች ሴት ሲመልሷት ደጄ ላይ ወደቀች። አስገብቼ ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጣኋት። እሷ ተረፈች፤ ልጇ ግን እንደታዘለ ሞቶ ነበር። አጎቴ ወስዶ ቀበረው።

ማሽላው ሲመናመን፣ ያን ቀን ከሁሉ አብልጦ ያጨበጨበ አንድ ደንበኛዬ ድርሻዬ ለምን አነሰ ብሎ ጠየቀ። «የሽማግሌዎቹ ወገን!» ብለው ገፍትረው አስወጡት። ወደኔ መጣ።

«እትዬ፣ ሕዝብ ያለው እኛን አልነበረም እንዴ?»

«ሕዝብ የነበርከው ስታጨበጭብ ነዋ!» አልኩት። ሻዩን ሳይጨርስ ወጣ።

እህሉ ሲያልቅ ደላላው አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ደሴ ሄደ። ሽማግሌዎቹን እንደገና ጠሯቸው፤ ባዶ መጋዘን ተረከቡ። የተማሩት ዛሬ ይህን ነገር ሕዝበኝነት ይሉታል። ስም በማውጣታቸው እንኳ ያከበሩት ይመስለኛል። ከብዙ ሰው አፍ ላይ ቃሉን ነጥቆ እኔ ነኝ የእናንተ አፍ ማለት ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

አጎቴ ወደ ሽምግልናው አልተመለሰም። የሳቁበት ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙት ሰላም ይሉት ነበር። እሱም አጸፋውን ይመልስና ሳይቆም ያልፋቸው ነበር።