አባባ በፎጣ የሚስቡት መለኪያ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም፤ የተማርሁትም እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ስለ አያቴ ግን በለቅሶው ላይ ያልተነገረውን መጻፍ ፈለግሁ።

አባባ ጠዋት ጠዋት እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ የአረቄ መለኪያ ማንሳት ያቅታቸው ነበር። ስለዚህ ፎጣቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ አንዱን ጫፍ ከመለኪያው ጋር በቀኝ እጃቸው ይይዙና ሌላውን በግራ እየሳቡ ወደ አፋቸው ያደርሱታል። ፎጣውን የማጥበው እኔ ነበርሁ። የአረቄና የትውከት ሽታው አሁንም ያቅለሸልሸኛል።

አንድ ቀን አጎቴ አረቄውን ሁሉ ጣና ዳር ወስዶ ደፋና "ከእንግዲህ ጸበል ይበቃዎታል" አላቸው። በማግስቱ መላ ሰውነታቸው ሲንቀጠቀጥ፣ ሰይጣኑ ሊለቃቸው ነው ብለን ደስ አለን። አክስቴማ እልል አለች። በሦስተኛው ቀን አንቀጥቅጦ ጣላቸው፤ ሐኪም ቤት ስናደርሳቸው ሕይወታቸው አልፎ ነበር።

"ብዙ ዓመት የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊሞት ይችላል፤ በመድኃኒት እየታገዘ ነው የሚተወው" አለችን ነርሷ። "ጸበሉን ማን ከለከላችሁ? እኛም ዘንድ ብታመጧቸው ምን ነበር?"

በአርባቸው ዘመዶቻችን አረቄ እየቀዱ "ነፍሳቸውን ይማር" ተባባሉ። አስጸየፉኝ። ከሁሉም የምጸየፈው ግን ራሴን ነው። መንቀጥቀጡ የጀመራቸው ቀን ላባቸውን ስጠርግ ክንዴን ያዙኝ፤ እኔ ሽታቸውን ሸሽቼ ፊቴን አዞርሁ።

"ልጄ፣ ከእኔ ጋር መታየት ካሳፈረሽ ወደ ኋላ ቀረት ብለሽ ተከተይኝ፤ ብቻ ሐኪም ቤት አድርሽኝ" አሉኝ።